የቀስት አዳራሽ ለመክፈት፦ ከኪራይ ውሉ በፊት የሚጻፈው ደብዳቤ

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የቀስት ውርወራ አዳራሽና ሱቅ ለመክፈት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ቤት በመፈለግ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ መጋዘን ያገኛል። ኪራዩ ከገበያ ማዕከል ይረክሳል፤ ጎረቤቶቹ አመሻሹ ላይ ዘግተው ስለሚሄዱ ፓርኪንጉም ባዶ ነው። አከራዩ ደስ ይለዋል፣ የ5 ዓመት ሊዝ ይፈረማል። ከዚያ መሬቱ ለምን ሥራ እንደሚውል ወደሚወስነው የካውንቲው የዞኒንግ ቢሮ ሲኬድ የመጀመሪያው ጥያቄ ይመጣል፦ «ይኼ ሹቲንግ ሬንጅ (የተኩስ ቦታ) ነው ወይስ ኢንዶር ሪክሪዬሽን (የቤት ውስጥ መዝናኛ)?» ኪራዩ መቁጠር ጀምሯል። የጥያቄው መልስ ግን ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ከወራት በኋላም «እዚህ ቦታ አይቻልም» ሊሆን ይችላል።

ይህ ነገር የእኛን ሰው በቀላሉ የሚይዝበት ምክንያት አለ። አገር ቤት ንግድ ፈቃድ ለማውጣት የሚኬደው የኪራይ ውል ተይዞ ነው፤ ያለ አድራሻ ማመልከቻው አይሟላም። ልማዱ ባሕር ተሻግሮ አብሮን ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ ግን መሬቱ ለምን ሥራ እንደተፈቀደ የሚናገረው ሕግ ከንግድ ፈቃዱም ከውሉም ይቀድማል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1926 ኦሃዮ ውስጥ ያለችውን የዩክሊድን መንደር ዞኒንግ ካጸደቀ ወዲህ፣ የትኛው ሥራ የት ይሁን የሚለው ሥልጣን በጽኑ የተያዘው በየአካባቢው አስተዳደር እጅ ነው። አንዱ ካውንቲ የሚፈቅደውን አጎራባቹ ከተማ ሊከለክል ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጣራው ቤቱ የማን ግዛት ውስጥ እንደሆነ ነው። የፖስታ አድራሻ እዚህ ላይ ያሳስታል። «አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ» ተብሎ የተጻፈ አድራሻ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ሳይሆን ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሜሪላንድ ላይ ደግሞ «ሲልቨር ስፕሪንግ» የራሱ ከተማ አስተዳደር የለውም፤ ሕጉ የሞንጎምሪ ካውንቲ ነው። የካውንቲውን የመሬት ካርታ ከፍቶ አድራሻውን ማስገባት፣ የፓርሰል (የይዞታው) ቁጥሩንና የዞኑን ስም መጻፍ ነው። ዋጋው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ያለዚህ የሚነበብ ሕግ ሁሉ የሌላ ሰው ሕግ ሊሆን ይችላል።

ዞኑ ከታወቀ በኋላ የሚነበበው የአጠቃቀም ሰንጠረዡ ነው። በአንድ በኩል የሥራ ዓይነቶች፣ በሌላ በኩል ዞኖቹ፣ መገናኛው ላይ ፊደል። አንደኛው ፊደል በቀጥታ ይፈቀዳል ይላል፤ ሁለተኛው በልዩ ፈቃድ፤ ባዶው ሳጥን አይፈቀድም ማለት ነው። በብዙ ቦታ ሕጉ ሰንጠረዡ ላይ ያልተጻፈን ሥራ እንደተከለከለ ይቆጥራል። ቀስት ውርወራ ደግሞ በስሙ የተጻፈበት ሰንጠረዥ ብዙ አይደለም። ስሙ በሌለበት ቦታ የቢሮው ባለሙያ የሚመስለውን ይፈልግለታል፣ እና ሁለት እጩዎች አሉ፦ የጠመንጃ መተኮሻና የቤት ውስጥ መዝናኛ። ሰንጠረዡን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፤ የሕጉ የትርጓሜ ምዕራፍ ላይ ያለውንም አንብቡ። «ሹቲንግ ሬንጅ» የሚለው ትርጓሜ የጦር መሣሪያ ብቻ ይላል ወይስ «ወይም ሌላ ተወንጫፊ» የሚል ጭራ አለው? ያቺ ጭራ ካለች ነገሩ ይከብዳል፤ ከትምህርት ቤትና ከመኖሪያ ሰፈር የመራቅ ግዴታ፣ የድምፅ ጥናት፣ አንዳንድ ቦታም ሙሉ ክልከላ ይከተላል።

ከዞኒንጉ ምዕራፍ ውጭ ሌላ የሚታይ ቦታ አለ፤ ስለ መሣሪያ የሚያወራው። የቨርጂኒያ ሕግ ቁጥር 15.2-916 ቀስቱ የሌላ ሰው ንብረት ላይ ሊያርፍ በሚችልበት ሁኔታ ቀስት መወርወርን አካባቢዎች እንዲከለክሉ ይፈቅድላቸዋል። ዝግ አዳራሽ ይህን የሚመልሰው በግድግዳውና በመረቡ ነው፤ ግን ቢሮው ከመጠየቁ በፊት መልሱ ወረቀት ላይ ቢገኝ ይሻላል።

እዚህ ላይ ነው ደብዳቤው የሚመጣው። ለዞኒንግ ኃላፊው የጽሑፍ ውሳኔ የሚጠይቅ፣ ከአንድ ገጽ ተኩል የማይበልጥ ደብዳቤ። በቨርጂኒያ ሕግ ኃላፊው እንዲህ ላለው ጥያቄ በ90 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ጠያቂው ራሱ ረዘም ላለ ጊዜ ካልተስማማ በቀር። መስኮት ላይ ወይም በስልክ የተነገረ «ችግር የለውም» ምንም አይደለም። የተናገረው ሰው ሥራ ይቀይራል፣ የተናገረውም አብሮት ይሄዳል። የተጻፈው ግን ጉልበት አለው። ውሳኔው ከተሰጠ 60 ቀን ካለፈና እናንተ በቅን ልቦና እሱን አምናችሁ ገንዘብ ካወጣችሁ ወይም ውል ከገባችሁ፣ ማታለል እስከሌለበት ድረስ ኃላፊው «ተሳስቼ ነበር» ብሎ ሊሽረው አይችልም። ውሳኔው ካላስደሰታችሁ ደግሞ ለቦርድ ኦፍ ዞኒንግ አፒልስ ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ 30 ቀን ነው። ቀኑ ካለፈ ውሳኔው የመጨረሻ ይሆናል፤ «አላወቅኩም ነበር» አይሠራም። ቢወደድም እንኳ ጠበቃ ለአንድ ሰዓት የሚከፈልበት ጊዜ ቢኖር ይኼ ነው።

ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ምንድን ነው? ቀስት ውርወራ ጥሩ ስፖርት ነው፣ ልጆችን ያንጻል፣ የኦሊምፒክ ውድድር ነው የሚለው ይቆይ፤ እሱ ልዩ ፈቃድ ካስፈለገ ሕዝብ ፊት ለሚደረገው ስብሰባ ነው። ኃላፊው የሚፈልገው ሥራውን ከሚመስለው ጋር የሚያነጻጽርበት ቁሳዊ ነገር ነው። የጠመንጃ አዳራሽ ለብቻው ምድብ የተሰጠው በሦስት ምክንያት ነው፦ የተኩስ ድምፅ፣ ከጥይት የሚወጣ የእርሳስ (ሊድ) ብናኝ፣ እና ጥይት የሚያቆም ብረት። የእርሳስ ብናኙ ልዩ የአየር ማስወጫ ይጠይቃል፣ ድምፁ ወፍራም ግድግዳ ይጠይቃል። ቀስት ከሦስቱ አንዱም የለበትም። ከፎም በተሠራ ኢላማ ላይ ይቆማል፣ ተነቅሎ እንደገና ይወረወራል። ደጋን በፌዴራል ሕግ የጦር መሣሪያ አይደለም፤ ለመሸጥም የመሣሪያ ነጋዴ ፈቃድ አያስፈልግም። ከዚያ በግልጽ ይጻፍ፦ መስመሩ (ሌኑ) 12፣ ርቀቱ 20 ያርድ፣ ጠመንጃና ጥይት አይሸጥም፣ አይተኮስም፤ የአደን ስለት ያለው ጫፍ አዳራሹ ውስጥ አይወረወርም፤ ሁልጊዜ የሠለጠነ ተቆጣጣሪ አለ፤ የሥራ ሰዓቱ ይህ ነው። መጨረሻ ላይ ጥያቄው በአንድ ዓረፍተ ነገር፦ «ይህ አጠቃቀም በሕጉ መሠረት የቤት ውስጥ መዝናኛ መሆኑን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልን።» ጥያቄው ላልቶ «ይህን ሥራ መክፈት ይቻላል ወይ?» ተብሎ ከተጻፈ መልሱም ላልቶ ይመጣል።

ሱቁን አትርሱ። አዳራሽና ሱቅ በሕጉ ዓይን ሁለት ሥራ ነው። የገበያ ማዕከል ዞን ሱቁን በቀጥታ ይፈቅዳል፣ ለአዳራሹ ግን ልዩ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። የኢንዱስትሪ ዞን ደግሞ ብዙ ጊዜ አዳራሹን ይቀበልና ሱቁን ለዋናው ሥራ ተቀጥላ እስከሆነ፣ ከወለሉም ከተወሰነ መቶኛ እስካልበለጠ ብቻ ያስተናግዳል። መቶኛው ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስለዚህ የወለል ስዕሉ ላይ «ሱቅ» ተብሎ አንድ ትልቅ ሳጥን መሳል በራስ ላይ መፍረድ ነው። የመሸጫ መደርደሪያው፣ ደጋን መጠገኛው፣ ቢሮውና መጸዳጃው ለየብቻ ይለኩ። ቀስት የሚቆረጥበት ቦታም ለብቻው ይታይ፤ የካርበን ቀስት ሲቆረጥ የሚወጣው ብናኝ መምጠጫ ያስፈልገዋል፣ የሕንፃ ተቆጣጣሪውም ይጠይቃል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር፣ አዲስ ደጋን ሲስተካከል ከጥቂት ያርድ ርቀት ወረቀት ወጥሮ እሱ ላይ መወርወር አለ። ያ ቦታ ሱቁ ውስጥ ከሆነ እሱም መወርወሪያ ነው፤ ስዕሉ ላይ ከነኢላማውና ከነመረቡ መታየት አለበት።

አሁን ቤቱን እንለካው። 60 ጫማ ስፋትና 120 ጫማ ጥልቀት ያለው ክፍል እንውሰድ፤ 7,200 ካሬ ጫማ። ከኋላው ግድግዳ እስከ ኢላማው ፊት ለመረቡና ለኢላማው 6 ጫማ ይሄዳል። ከኢላማው እስከ መወርወሪያው መስመር 20 ያርድ፣ ማለትም 60 ጫማ። ዓለም አቀፉ የቤት ውስጥ ውድድር 18 ሜትር ስለሆነ በዚሁ ይሸፈናል። ከመወርወሪያው መስመር ጀርባ እስከ መጠበቂያው መስመር 5 ያርድ፣ 15 ጫማ። ለደጋን መስቀያና ለወንበር 12 ጫማ። ድምሩ 93 ጫማ ነው፤ ለሱቅ፣ ለጥገና፣ ለቢሮና ለመጸዳጃ 27 ጫማ ይተርፋል። 27 በ60 ሲባዛ 1,620 ካሬ ጫማ፣ ከጠቅላላው 22.5 በመቶ ነው። ሕጉ ተቀጥላ ሱቅን 20 በመቶ ላይ ካቆመው አንዱን ሳጥን ይዞ የሄደ አመልካች ይወድቃል፤ መሸጫውን ብቻ ለክቶ 900 ካሬ ጫማ ያሳየው ደግሞ 12.5 በመቶ ይዞ ያልፋል። ቤቱ ያው አንድ ነው።

በስፋት በኩል ለእያንዳንዱ መስመር 4 ጫማ ተሰጥቶት 12 መስመር 48 ጫማ ይወስዳል። የሚተርፈው 12 ጫማ ትርፍ አይደለም፣ ወደ እሱ እንመለሳለን። ጥልቀቱ 95 ጫማ ብቻ የሆነ ክፍል የሚያሳይ ደላላ ካጋጠማችሁ፣ አዳራሽ ይወጣዋል፣ ሱቅ ግን አይወጣውም። ምሰሶም ቁጠሩ፤ በመወርወሪያውና በኢላማው መካከል የቆመ ምሰሶ መስመር ይበላል፣ ቀስትንም በማይጠበቅ አቅጣጫ ያነጥራል።

ኢላማው ወደየት ይዙር? ይህ የሁሉም መሠረት ነው። የመጋዘን ክፍሎችን የሚለያየው ግድግዳ ብዙ ጊዜ በቀጭን ብረት ላይ የተመታ ጂፕሰም ነው። በሰከንድ ወደ 280 ጫማ የሚበርር የኮምፓውንድ (ባለ መዘውር) ደጋን ቀስት ይህን ግድግዳ በቀላሉ ያልፈዋል። ስለዚህ ኢላማው የሚቆመው ከተከራይ ጎረቤት ጋር በሚጋሩት ግድግዳ ሳይሆን በብሎኬት ወይም በኮንክሪት የውጭ ግድግዳ ፊት ነው። ከኢላማው ጀርባ ደግሞ ለቀስት ተብሎ የተሠራ መረብ ይንጠለጠላል። መረቡ የሚሠራው ላልቶ ሲንጠለጠል፣ ግርጌው ወለል ላይ ተኝቶ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ነው። ቀስቱ ሲመታው መረቡ ወደኋላ እየሄደ ጉልበቱን ይበላዋል። እንደ ከበሮ ተወጥሮ ከተሰቀለ ቀስቱ ቀዳዳ ከፍቶ ያልፋል። ስለት ያለው የአደን ጫፍ ደግሞ ክሩን ይቆርጠዋል፤ ለዚህ ነው ክልከላው ደብዳቤው ውስጥ የገባው። የእሳት አደጋ መኮንኑም ስለ መረቡና ስለ ፎሙ ይጠይቃል። ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ላይ የሚንጠለጠል ጨርቅ የኤንኤፍፒኤ 701 የእሳት ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል፤ የምስክር ወረቀቱን ከሻጩ መረቡን ስትገዙ ውሰዱ፣ በኋላ ማግኘት አድካሚ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ችግር ጥሩ ጥሩ ዕቅዶችን ሲጥል የኖረ ነው፦ የኋላ በር። የመጋዘን ክፍል ፊት ለፊት አንድ የመስታወት በር፣ ከኋላ አንድ የብረት በር አለው። የኋላው ግድግዳ የኢላማው ግድግዳ ሲሆን ያ በር ከኢላማው ጀርባ ይወድቃል። ሰው በቀስት ፊት አልፎ እንዲያመልጥ የሚያደርግ መውጫ እንደ መውጫ አይቆጠርም፤ በሩን መቆለፍም አይፈቀድም። ከ49 ሰው በላይ ለሚይዝ እንዲህ ያለ ቦታ ሁለት መውጫ ግዴታ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀትም ቢያንስ የክፍሉ ሰያፍ (ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ያለው ርቀት) ግማሽ መሆን አለበት። የኛ ክፍል ሰያፍ ወደ 134 ጫማ ነው፤ ግማሹ 67። ስፋቱ 60 ጫማ በሆነ ፊት ላይ በ67 ጫማ የተራራቁ ሁለት በሮች አይገቡም። ሕንፃው የእሳት ማጥፊያ ስፕሪንክለር ካለው ግን ሕጉ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል፣ 45 ጫማ ገደማ። ያኔ ሁለቱንም በሮች ፊት ለፊት ማድረግ ይቻላል። ስፕሪንክለር ከሌለ ያ የተረፈው 12 ጫማ ሥራ ያገኛል፦ 5 ጫማው ከመጠበቂያው መስመር ጀርባ ጀምሮ በብሎኬት ግድግዳ ተከልሎ እስከ ኋላው በር የሚሄድ ኮሪደር ይሆናል፣ የቀረው ከመጨረሻው መስመር ጎን ባዶ ቦታ ሆኖ ይቆያል። ቤት ስታዩ ቀና ብላችሁ የስፕሪንክለሩን ቱቦ ፈልጉ። ከጣሪያው ቁመት ይልቅ እሱ ይጠቅማል።

ለሥራው የሚሰጠው ምድብ የሰውንና የመኪናን ቁጥር እንዴት እንደሚያበዛው ደግሞ እንይ። ባለሙያው 7,200 ካሬ ጫማውን በሙሉ ወንበርና ጠረጴዛ እንዳለበት መሰብሰቢያ ቆጥሮ ለአንድ ሰው 15 ካሬ ጫማ ቢሰጥ 480 ሰው ይወጣል። 300 ከደረሰ ስፕሪንክለር ግዴታ ነው፤ የመጸዳጃውም ቁጥር አብሮ ይጨምራል። እንደ ስፖርት ቦታ በ50 ካሬ ጫማ ቢቆጠር 144 ሰው ነው። እውነቱ ግን የአዳራሹ ግማሽ፣ ቀስት የሚበርርበት ክፍል፣ ሥራው ሲካሄድ ሰው የማይቆምበት ነው። የሕንፃ ሕጉ ባለሥልጣኑ ከፈቀደ ትክክለኛውን የሰው ቁጥር መጠቀም እንደሚቻል ይናገራል፤ ግን መጠየቅ ያለበት አመልካቹ ነው፣ በስዕልና በቁጥር። ፓርኪንግም እንዲሁ ነው። ቢሮው የሚመስለውን ሲፈልግ ቦውሊንግ ላይ ያርፋል። ለአንድ የቦውሊንግ መስመር 5 መኪና ከተጠየቀ ለ12 መስመር 60 ቦታ ይሆናል። ቦውሊንግ ላይ ግን አንድን መስመር አንድ ቤተሰብ ይጋራዋል፤ ቀስት ላይ በአንድ መስመር አንድ ሰው ነው የሚቆመው። 12 የሚወረውሩ፣ ተራቸውን ጠብቀው የሚመጡ 12፣ 4 ሠራተኞች፣ 6 የሱቅ ደንበኞች፣ በጠቅላላው 34። ይህን ስሌት እናንተ ካልጻፋችሁት ማንም አይጽፍላችሁም። ከጎረቤት ተከራዮች የሥራ ሰዓት ጋር አያይዛችሁ የምሽቱን ባዶ ፓርኪንግ በሠንጠረዥ አሳዩ።

ኃላፊው «የቤት ውስጥ መዝናኛ ነው» ብሎ ዞኑም በቀጥታ የሚፈቅድ ከሆነ ስብሰባ የለም፤ ወደ ሕንፃ ፈቃድ መሄድ ነው። ልዩ ፈቃድ ካስፈለገ ግን መንገዱ ይረዝማል። ፌርፋክስ ካውንቲ ላይ ስፔሻል ፐርሚት የሚባለው በቦርድ ኦፍ ዞኒንግ አፒልስ ይወሰናል፣ ስፔሻል ኤክሴፕሽን የሚባለው በፕላኒንግ ኮሚሽን አልፎ ለካውንቲው ምክር ቤት፣ ለቦርድ ኦፍ ሱፐርቫይዘርስ፣ ይቀርባል። ሞንጎምሪ ካውንቲ ላይ ኮንዲሽናል ዩዝ የሚባለውን ልዩ ፈቃድ የሚሰማው ሂሪንግ ኤግዛሚነር የሚባል ባለሥልጣን ነው። የትም ቢሆን ማመልከቻው የሕንፃውን ባለቤት ፊርማ ይፈልጋል፤ ቦታው ላይ ማስታወቂያ ይተከላል፣ ለጎረቤቶች ደብዳቤ ይላካል። ከፐብሊክ ሂሪንጉ (ሕዝብ ከሚሰማበት ስብሰባ) በፊት የሚወጣው የባለሙያዎቹ ሪፖርት ከንግግሩ ይበልጣል። ስለዚህ ጉልበቱ የሚወጣው ቀድሞ ነው፤ ሪፖርቱን የሚጽፈውን ባለሙያ አግኝቶ የጎደለውን መጠየቅ፣ ጎረቤቶቹንም ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት በአካል ማግኘት። በሁለት ግድግዳ ርቀት ላይ የዳንስ ትምህርት ቤት ያላት ሴት «ሹቲንግ» የሚል ቃል በፖስታ ሲደርሳት ምን እንደምታስብ መገመት አይከብድም። ሄዶ ስዕሉን መዘርጋት፣ መረቡ የት እንደሚሰቀል፣ ኢላማው ከእሷ ግድግዳ ወዴት እንደሚዞር ማሳየት ይገባል። ፍርሃቷ ተገቢ ነው፣ መልስም ይገባታል።

በስብሰባው ላይ የሚጠየቀው በአብዛኛው ስለ ደህንነት ነው። የአሠራር መመሪያው በጽሑፍ ይኑር፦ በሁለት ፊሽካ ወደ መስመር ይቀረባል፣ በአንድ ፊሽካ ይወረወራል፣ በሦስት ፊሽካ ሁሉም ደጋኑን አስቀምጦ ቀስቱን ለማምጣት ይሄዳል፣ አምስትና ከዚያ በላይ ከተነፋ ሁሉም በአስቸኳይ ያቆማል። ማንም ከመስመሩ እያለፈ ሌላው አይወረውርም። አሠልጣኞቹ የዩኤስኤ አርቸሪ (የአገሪቱ የቀስት ስፖርት ማኅበር) የምስክር ወረቀት ይኑራቸው። የአካል ጉዳተኞች መብት ደንብም ከመወርወሪያ ቦታዎቹ 5 በመቶው፣ ቢያንስ አንዱ፣ ለተሽከርካሪ ወንበር መዞሪያ የሚሆን 60 ኢንች ዲያሜትር ደልዳላ ወለል እንዲኖረው ይጠይቃል። 4 ጫማ ማለት 48 ኢንች ነውና አንዱ መስመር ከመጀመሪያው ሰፋ ተደርጎ ይሳል።

አከራዩ ጋር ያለው ውል እስከዚያ ድረስ እንዴት ይያዝ? ሁለት አንቀጽ ያስፈልጋል። አንደኛው ውሉ የሚጸናው የዞኒንግና የሕንፃ አጠቃቀም ለውጥ ፈቃድ ከተገኘ ነው፣ ካልተገኘ ዲፖዚቱ ይመለሳል የሚል። ሁለተኛው ኪራይ የሚቆጠረው የመግቢያ ፈቃዱ፣ ሰርተፊኬት ኦፍ ኦኩፓንሲ የሚባለው፣ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ነው የሚል። ሁለተኛውን ብዙ አከራይ አይወድም፤ በመካከል ጥቂት ወር ነፃ ኪራይ ሊስማማ ይችላል። የመጀመሪያውን እምቢ ያለ አከራይ ጋር ግን መፈረም አይገባም፣ ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር።

ፈቃዱ ሲሰጥ ከነቅድመ ሁኔታዎቹ ነው የሚመጣው፦ የመስመር ቁጥር፣ የሥራ ሰዓት፣ ውጭ መወርወር ክልክል፣ የሰው ብዛት። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ረቂቁን አንብባችሁ የማትችሉትን አስነሱ፤ ከጸደቀ በኋላ አንዱን ቃል ለመቀየር እንደገና ማመልከትና እንደገና መክፈል ነው። በተለይ የመስመር ቁጥሩን ስትጠይቁ ዛሬ ከምትከፍቱት በላይ ጠይቁ። በ12 ከፍታችሁ በ14 ፈቃድ መያዝ ይቻላል። በ12 ፈቃድ 13ኛውን ኢላማ ማቆም ግን የፈቃዱን ቅድመ ሁኔታ መጣስ ነው፤ ተቆጣጣሪው መጥቶ ለመቁጠር የአንድ ጎረቤት ስልክ ይበቃዋል።